ሰባ ስምንት ዙር

አንድ ሰው ነበረ፤ የዘፈን ሸክላ ይሰበስብ ነበር።

ታሪኩን በዚህ ቃል የጀመሩት ጡረታ የወጡ አንድ ርእሰ መምህር ናቸው። ያዳመጣቸው ደርበው የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው። ደርበው ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በሦስት ትምህርት ቤቶች በነፃ አድሎ ነበር። ካደለ በኋላ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ሁለት ቀመሮች ቦታ ተለዋውጠው መታተማቸውን አየ። ወደ ሽማግሌው የመጣው ጽሑፉን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ነው።

«ጋሼ፣» አለ፣ «በነፃ የሰጠሁት ነገር ነው። ማንንም አላስገደድኩም። አሁን ተነሥቼ ተሳስቻለሁ ብል ቀሪውንም ገጽ የሚያምነው አይኖርም፤ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት እትም ላይ ድምፄን አጥፍቼ ባስተካክለውስ? ለመሆኑ በነፃ የሰጠ ሰው በስህተቱ ይጠየቃል?»

ሽማግሌው ጽሑፉን ተቀብለው ገጽ አሥራ ሰባትን አዩ። እንደ ተገለጠ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተናገሩ።

ሰውየው የሚኖረው በአንድ የባቡር ጣቢያ ከተማ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በጣቢያው ቴሌግራፍ ቤት ነው። በከተማው ሱቅና መጋዘን የነበራቸው የውጭ አገር ሰዎች አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየሸጡ ሲሄዱ፣ ገዢ ያጣውን ለእሱ ይተዉለት ነበር። መጀመሪያ አንድ ባለ መጋዘን በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎንና አርባ ሸክላ ተወለት። በሸክላዎቹ ላይ የተቀዳው ኦፔራ ነበር። ኦፔራ ተዋንያን ንግግራቸውን በዜማ የሚሉበት የፈረንጅ የመድረክ ጨዋታ ነው። ዘፋኙ ማጉያ የለውም፤ አዳራሹን የሚሞላው በገዛ ሳንባው ነው። ሰውየው ቋንቋውን አያውቅም። የሰው ጉሮሮ ይህን ያህል መቻሉ ግን አስገረመው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰበሰበም።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሸክላ ደረሰለት። አያያዙን ያውቅበታል። ሸክላ ከተደራረበ ይሰነጠቃል ብሎ እንደ መጽሐፍ አቁሞ ይደረድራቸዋል። በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ያጥባቸዋል። የግራሞፎኑን መርፌ አንድ ፊት ባጫወተ ቁጥር ይቀይራል፤ የደነዘዘ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋልና።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ጥርስም ይነቅላል። በአጥር በኩል ብቅ ብሎ፣ «ዛሬስ ያቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው? ሰው ሞቶባት ነው ወይስ ጥርሷን አሟት?» ይለዋል።

«ያንተ ደንበኛ ብትሆን ኖሮ አንተ ትነግረኝ ነበር፤» ይላል ሰብሳቢው።

ሰብሳቢው ያለውን ለብቻው የሚይዝ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሳሎኑን ለወጣት ዘፋኞች በነፃ ይከፍት ነበር። ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍልና ከመዘምራን ማኅበር አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ሃያ ልጆች ይመጣሉ። አንዲት እናት ለምስጋና ብላ የላከችለትን አንድ ዘንቢል ሎሚ እንኳ መልሶላታል። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ከዚያ ተራ በተራ ተነሥተው ከሸክላው ጋር ይዘፍናሉ። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር ክራር እንጂ ኦፔራ አያውቅም፤ ስለዚህ እሱም ልጆቹን ወደዚያ ይልካል። ሰብሳቢው ሁልጊዜ የሚላቸው አንድ ነገር ነበር። «ስሙ። ይህን ሰው ችሎታል። ሰው የቻለውን ሰው ይችለዋል።»

ከልጆቹ መካከል አንዲት የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ። ድምፅዋ ወፍራምና ከታች የሚነሣ ነው። ጆሮዋ ግን ከድምፅዋ ይበልጥ ነበር። ባቡሩ ሲገባ ፊሽካው ከትናንቱ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ትናገራለች። የባቡሩን ነጂ ጠይቀው ሲያጣሩ ልክ ሆና ትገኛለች። ከሸክላዎቹ ሁሉ አንዱን መረጠች። በላዩ የተቀዳችው ዘፋኝ ከሞተች ብዙ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ በሸክላው መካከል የተለጠፈው ወረቀት ስለ ተፋቀ ስሟ እንኳ አይነበብም። በዘፈኑ መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ አንድ ከፍተኛ ድምፅ ይዛ ትቆያለች። ልጅቷ ያን ድምፅ ለመድረስ ሁለት ዓመት ሞከረች። ስትሞክር የአንገቷ ሥር ይገተራል።

በዚያ ዓመት ወደ ዋና ከተማው የውጭ ፈታኞች እንደሚመጡ ተነገረ። ከመላ አገሪቱ አንድ ዘፋኝ መርጠው ለሦስት ዓመት ትምህርት ይወስዳሉ። ልጅቷ ተመዘገበች። ለአባቷ የነበረው አንድ የስፌት መኪና ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሁለተኛ ጊዜ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ፈተናው ሰባት ሳምንት ሲቀረው፣ የትምህርት ቤቱን ፒያኖ የሚቃኝ አንድ አዛውንት ከሌላ ከተማ መጡ። ቅዳሜ ስለ ነበር ሰብሳቢው ጋበዛቸው። ልጆቹ እስኪጨርሱ በዝምታ ተቀምጠው ሰሙ። የመጨረሻው ልጅ ከወጣ በኋላ፣

«ያችን የልብስ ሰፊ ልጅ ያዘፈንክበትን ሸክላ መልሰህ አጫውትልኝ፤» አሉ።

ሰብሳቢው ደስ ብሎት አጫወተ። ቃኚው ከኪሳቸው ስትመታ አንድ ድምፅ ብቻ የምትሰጥ ባለ ሁለት ጣት ብረት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ መቱና ጆሯቸው ላይ ያዟት። ቀጥለው ቁራጭ ወረቀት ከሸክላው ጠርዝ ላይ ለጠፉ። ወረቀቷ በፊታቸው ባለፈች ቁጥር እየቆጠሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሰባ ስምንት ዙር በደቂቃ፤» አሉ።

«ልክ ነው። መሣሪያው ላይም ሰባ ስምንት ይላል። ሠላሳ ዓመት ከዚያ ላይ ነክቼው አላውቅም፤» አለ ሰብሳቢው፣ እንደ መኩራት ብሎ።

«መሣሪያህ ልክ ነው። ሸክላው ግን ሲቀዳ በሰባ ስምንት አልተቀዳም። ያኔ እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱ ፍጥነት ነበረው፤ ወረቀቱ ላይም አይጽፉትም። ይህ ዘፈን ከየትኛው ቃና እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ፒያኖ ቃኝቼለታለሁ። ይህ የተቀዳው በሰባ አንድ ነው። አንተ ስታፈጥነው ድምፁ ሁለት የፒያኖ ቁልፍ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ላይ ወጥቷል።» አሉ ቃኚው። «ደግሞ አነዛዘሯን አልሰማህም? ሰው እንዲህ አይርገበገብም። ፍየል ነው እንዲህ የሚለው።»

ሰብሳቢው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከመሣሪያው ጎን ያለችውን የፍጥነት ብሎን አዙረው ሰባ አንድ ላይ አደረጓት።

ከሸክላው ሌላ ሴት ወጣች። ድምፅዋ ከበድ ያለ፣ ወፍራም፣ ከታች የሚነሣ ነበር፤ የልብስ ሰፊውን ልጅ ይመስላል። ከፍተኛው ድምፅ ላይ ስትደርስም እንደ ደከመች ሰው ነበር የደረሰችው። ትንፋሿ ግን ከበፊቱ ረዝሟል። ሴትዮዋ የቻለችው ነገር ትንፋሽ ነበር።

«ልጆቹን ምን እንደምትላቸው ሰምቻለሁ፤» አሉ ቃኚው። «ሰው የቻለውን ሰው ይችለዋል ትላለህ። አንተ የምታሰማቸውን ግን ማንም ሰው አልቻለውም። ይህችም ሴት አልቻለችውም። የዚያች ልጅ አንገት ሲገተር አይቻለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ፤» አለ ሰብሳቢው። የምሩን ነበር።

ቃኚው እሑድ ጠዋት በባቡር ሄዱ። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ በከተማው ቀረ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሳይጠበቁ መጡ። ለአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱ በመስታወት የታሰረ የምስጋና ወረቀት ይዘው ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰብሳቢው እንዲህ ባለ ቀን አይነገርም ብሎ አለፈው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ያን ከፍተኛ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካችው። ልጆቹ ጮኹ። አባቷ ሱቁን ዘግቶ በር ላይ ቆሞ ነበርና እንባው መጣ። «እግዜር ይስጥልን፣ የልጄ አባት እርስዎ ነዎት፤» ብሎ የሰብሳቢውን እጅ ለመሳም ጎንበስ አለ። ሰብሳቢው እጁን ሰበሰበ፤ ያን ቀንም አልተናገረም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ መላ መጣለት። ለራሱ ሲያስበው ብልህ መላ ነበር። ብሎኗን በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። ሰባ ሰባት፣ ሰባ ስድስት፣ ሰባ አምስት። ልጆቹ ሳያውቁት ከሸክላው ጋር ይወርዳሉ። ማንም አያፍርም፣ ማንም አይደነግጥም፤ ስህተቱም እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። ይህን መላ ሸክላ ከሚያጫውት ሰው በቀር ማንም አያስበውም። ያልታሰበው ነገር ደግሞ ልጅቷ ጆሮ ያላት መሆኑ ነው።

በአምስተኛው ቅዳሜ ብሎኗ ሰባ አምስት ላይ ነበረች። ዘፈኑ እንደ ተጀመረ ልጅቷ እጇን አነሣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ሸክላው ዝቅ ያለ አልመሰለዎትም?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ «ጀመራት! አሁን ደግሞ ባቡሩም ዝቅ አለ ትለናለች፤» አለ። ሳቁባት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምትመለከተው ሰብሳቢውን ነበር።

ሊመልስ የሚችለው ሁለት መልስ ነበር። ሁለቱም አጭር ናቸው።

«ሸክላ ዝቅ አይልም፤» አላት። «ደክሞሽ ነው። ጆሮሽ ነው።»

ልጅቷ እሺ ብላ ተቀመጠች። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሸክላ ያለው ሰው ከነገራት፣ ጆሮዋ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። ጆሮዬ ዝቅ አድርጎ ያሰማኛል ብላ አመነች። ስለዚህ የሰማችውን ትታ፣ ሁለት ዓመት በቃሏ የያዘችውን የድሮውን ከፍታ ተከተለች። በአባቷ ሱቅ የስፌት መኪናው እየጮኸ በቀን አራት ሰዓት ትለማመድ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ድምፅዋ ጎረነነ። ዝንጅብል በማር አፍልታ ጠጣች። ሰብሳቢው መጎርነኑን ሰማ፤ ጉንፋን ነው ብሎ ዕረፍት መከራት። በዚያ ቅዳሜ ብሎኗ ሰባ አራት ላይ ነበረች።

በፈተናው ቀን አንድ ባለ ፒያኖ አጀባት። ፒያኖው ዘፈኑ በተጻፈበት ቃና ጀመረ። ልጅቷ ስትሰማው ዝቅ አለባት። እውነቱ እሱ ነበር፤ ለድምፅዋም የሚስማማት እሱ ነበር። ነገር ግን ጆሮዋን እንዳታምን ተነግሯታል። ፒያኖውን ትታ ከላይ ገባች። ፈታኞቹ አስቁመው እንደገና አስጀመሯት፤ እንደገና ከላይ ገባች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። አፏ ላይ መሐረብ ስትይዝ ደም ነካው።

ሐኪሙ የድምፅዋ ጅማት ላይ ደም መፍሰሱን፣ ሲድንም ጠባሳ እንደሚተው ነገራቸው። መናገር ትችላለች፤ መዝፈን አትችልም። አባትና ልጅ በማግስቱ በባቡር ተመለሱ።

ልጅቷ በአባቷ ሱቅ ክርና ቁልፍ መሸጥ ጀመረች። ድምፅዋ ወረቀት ሲታሽ የሚሰማው ዓይነት ሆነ። ገዢዎች ዋጋ ሲጠይቋት በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ነው የሚሰሟት።

ከአራት ወር በኋላ ወደ ሰብሳቢው ቤት ሄደች። ቅዳሜ አልነበረም። እንድትቀመጥ ቢለምናት በር ላይ ቆማ ቀረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያን ዕለት ሸክላው ዝቅ ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር፤» አለ ሰብሳቢው።

«ስንት?»

«ከሰባ ስምንት ወደ ሰባ አምስት።»

«እንግዲያው ጆሮዬ ደኅና ነበር፤» አለች። ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሰብሳቢው ከዚያ በኋላ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። ለቃኚው ጽፎ ያቺን ባለ ሁለት ጣት ብረት አስላከ። ትክክለኛውን ፍጥነት እያጣራ በየሸክላው ከረጢት ላይ በእርሳስ ጻፈ። ሥራው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ሲጨርስ ሳሎኑን ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ከፈተ፤ የመጣ ልጅ አልነበረም። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ በአጥር በኩል መቀለዱን ትቷል። ሰውየው እስኪሞት ድረስ ስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈተ። ሸክላዎቹ አሁንም አሉ። ከረጢቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉም ትክክል ናቸው።

ሽማግሌው እዚህ ላይ አበቁና ፊታቸውን ወደ ደርበው አዞሩ።

«እንግዲህ የጠየቅከኝን ልመልስልህ። በነፃ የሰጠ ሰው በስህተቱ ይጠየቃል ወይ ብለሃል። ሰውየው ሠላሳ ዓመት በሰባ ስምንት ማጫወቱ አላስጠየቀውም። ፋብሪካው ያልጻፈውን ከየት ያውቃል? የተጠየቀው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ነው። ያንተም ቀመር ሲታተም የተሳሳተው አንተን አያስጠይቅህም። ካየኸው ግን ስንት ቀንህ ነው?»

«አምስት።»

«እሱም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲሁ ነው ያሳለፋቸው፤ ምስጋናና ጭብጨባ እየመጣበት። በሚቀጥለው ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አስተካክላለሁ ያልከው ያች ብሎን ናት። ስህተት ተደብቆ ሲስተካከል፣ ልክ የሆነው ሰው ራሱን ይጠራጠራል። ሰነፉ ተማሪህ አያስተውለውም፤ እሱን አይጎዳውም ልንል እንችላለን። የሚጎዳው በመማሪያ መጽሐፉ ትክክሉን አንብቦ ያንተን ጽሑፍ ሲያይ፣ ‹እኔ ነኝ የተሳሳትኩት› የሚለው ነው። ያመነህ ስለ ሆነ ዓይኑን ክዶ አንተን ይከተላል። በነፃ መስጠትህ ደግሞ እምነቱን አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። ፈተናው መቼ ነው?»

«ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ።»

«ትምህርት ቤቶቹ ሦስት ናቸው ብለሃል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመህ ‹ገጽ አሥራ ሰባት ተሳስቷል፤ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ› ለማለት ሦስት ጠዋት ይበቃሃል። ከዚያ በኋላ ቀሪውን ገጽ የማያምንህ ይኖራል። እሱ ያንተ ድርሻ ነው፤ ትሸከመዋለህ።»

ደርበው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሽማግሌው ጽሑፉን ከጉልበታቸው አንሥተው መለሱለት፤ እጃቸውን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል። እስካሁን ስለዚህ ገጽ የጠየቀህ ተማሪ አለ?»

«አለች፤» አለ ደርበው። «አንዲት ልጅ። ሐሙስ ዕለት በመስኮት በኩል ጠርታ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እያወቅኩ፣ ‹በደንብ አላነበብሽውም› አልኳት፤» አለ ደርበው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ለቀቁለት።

«ከእሷ ጀምር፤» አሉት።